የአንድን የጦር አውሮፕላን እውነተኛ ቀለም እንዴት ማግኘት ይቻላል? ለበረራ ሲሙሌተር ስኪን ሠሪዎች

የመጀመሪያ ስኪኔ፣ ማለትም ለሲሙሌተር አውሮፕላን የሠራሁት የቀለም ልባስ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ የሆነው ስፒትፋየር ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። መነሻ ያደረግኩት በጥንቃቄ ታድሶ ዛሬም የሚበር አንድ አውሮፕላን ነው። ፎቶው በሽ ነው፤ ጥርት ያለ ነው። ሆዱ የማይታይባቸውን ቦታዎች ከሌላ የድሮ ፎቶ ሞላሁና ደስ ብሎኝ ለቀቅኩት። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ጻፈልኝ። «ሥራው ቆንጆ ነው። ግን ይሄ አውሮፕላን በጦርነቱ ጊዜ እነዚህን ፊደሎች ለብሶ አያውቅም» አለኝ። አጣራሁ፤ እውነቱን ነው። ያደሱት ሰዎች የቀቡበት የሌላ አውሮፕላን ፊደሎች ነው። ሆዱን ግማሽ ጥቁር ግማሽ ነጭ ያደረግኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ያ አሠራር በጁን 1940 ቀርቷል። ጀርባው ላይ የቀባሁት ግራጫ የመጣው በኦገስት 1941 ነው። ሁለቱ አንድ ክንፍ ላይ የተገናኙበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዣለሁ። የምቀባው አንድን አውሮፕላን፣ በአንድ ቀን እንደነበረ ነው። «ስፒትፋየር» ብዬ አልጀምርም። የቱ ስፒትፋየር? መቼ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የማገኝበት መንገድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቀኑን ቁረጡ

ጦርነቱ ሲጀመር የእንግሊዝ ተዋጊዎች ጀርባ ቡናማና አረንጓዴ ነበር። ሆዳቸው ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክንፍ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ። በጁን 1940 ሆዱ «ስካይ» ወደሚባለው ፈዛዛ አረንጓዴ ተቀየረ። በኦገስት 1941 ቡናማው ወጥቶ «ኦሽን ግሬይ» ገባ፤ ሆዱም «ሚዲየም ሲ ግሬይ» ሆነ። በሜይ 1942 ክንፍና አካል ላይ ያለው ክብ የአገር ምልክት ራሱ ተለወጠ፤ ነጩና ቢጫው ቀለበት ቀጠኑ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህ ሁሉ ለውጥ አለ።

የአሜሪካ አውሮፕላኖች ምልክት የሆነው ኮከብም እንዲሁ ነው። መካከሉ ላይ የነበረው ቀይ ነጥብ በሜይ 1942 ተነሣ። ከጃፓን ቀይ ክብ ጋር ይምታታል ተብሎ ነው። በጁን 1943 መጨረሻ ኮከቡ በግራና በቀኝ ነጭ አራት ማዕዘን ተጨመረለት፤ ዙሪያውም በቀይ ተከበበ። በኦገስት አጋማሽ ቀዩ በሰማያዊ እንዲተካ ታዘዘ። ስለዚህ ዙሪያው ቀይ የሆነ ባለ ነጭ አራት ማዕዘን ኮከብ ካያችሁ፣ ፎቶው ከ1943 አጋማሽ በፊት አልተነሣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ትእዛዝ ወጣ ማለት በማግስቱ ተቀባ ማለት አይደለም። ሩቅ ጣቢያ ላይ ያለ ክፍል ቀለሙ እስኪደርሰው፣ ሠራተኛውም ጊዜ እስኪያገኝ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ትእዛዙ የሚነግራችሁ «ከዚህ ቀን በፊት አይሆንም» የሚለውን ነው። «ከዚህ ቀን በኋላ አይኖርም» ብሎ ዋስ አይሆናችሁም። ለዚያኛው ፎቶ ያስፈልጋል።

2. መለያ ቁጥሩን ያዙ

አካሉ ላይ የሚጻፉት የክፍሉና የአውሮፕላኑ ፊደሎች ይወረሳሉ። አንድ አውሮፕላን ሲወድቅ ወይም ሲያረጅ፣ አዲስ የመጣው ያንኑ የክፍል ኮድና ያንኑ ፊደል ሊለብስ ይችላል። አንድ አብራሪ በአንድ ዓመት ውስጥ በተመሳሳይ ፊደል ሦስት አውሮፕላን ቢቀያይር አይገርምም። የማይለወጠው ከፋብሪካ ወይም ከመንግሥት የተሰጠው መለያ ቁጥር ነው። እሱን ካገኛችሁ ፍለጋው ግማሽ ሄደ።

የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ላይ ቁጥሩን የምታገኙት ጅራቱ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተገዛበትን የበጀት ዓመት ያሳያሉ። ሲቀባ ግን የዓመቱ የመጀመሪያ አሃዝ ይወጣል። ስለዚህ 44-13410 የተባለ ሙስታንግ ጅራቱ ላይ የሚነበበው 413410 ነው። ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። እንግሊዞች ቁጥሩን የሚጽፉት አካሉ ላይ ወደ ጅራቱ ጠጋ አድርገው በትንሽ ፊደል ነው። ጀርመኖች ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ባለ ቀለም ቁጥር ሌላ፣ የፋብሪካው ቁጥር ሌላ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ቁጥሩ ሲያዝ ወረቀት ይከፈታል። ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የእንግሊዝ ስኳድሮኖች (የአየር ኃይል ክፍሎች) የሥራ መዝገብ «ኤአይአር 27» በሚል ምድብ ተቀምጧል። ከዚያ ውስጥ ፎርም 541 የሚባለው በየቀኑ ማን በየትኛው አውሮፕላን እንደወጣ ይዘረዝራል። ፎርም 78 ደግሞ የአንዱን አውሮፕላን ዝውውር ይይዛል፦ መቼ ደረሰ፣ መቼ ለጥገና ሄደ፣ መቼ ጠፋ። ጥገና የሚለውን ቃል ስታዩ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ አውሮፕላን ቀለሙን የሚቀይረው እዚያ ነው። በአሜሪካ በኩል ያልተመለሱ ሠራተኞችን የሚመለከተው ሪፖርት የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ አንዳንዴም የሞተሩንና የመትረየሶቹን ቁጥር ሳይቀር ይዟል።

3. ፎቶ ሰብስቡ፣ ከሥሩ

ከሌላ ሰው ስኪን ወይም ከሞዴል ሣጥን ሥዕል አትጀምሩ። ያ ሥዕል የሌላ ሰው ግምት ነው። ግምቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ከምን እንደተነሣ አታውቁም።

የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት በ2008 ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ፎቶዎችን ለዊኪሚዲያ ኮመንስ ሰጥቷል፤ የጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች በብዛት አሉበት። ፊንላንዶች የጦርነት ጊዜ ፎቶዎቻቸውን «ኤስኤ-ኩቫ» በሚባል ማኅደር ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። ብሩስተርና ቢኤፍ 109 የተባሉትን ተዋጊዎች ለሚሠራ ሰው እውነተኛ ሀብት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1942 በፋብሪካዎች ውስጥ የተነሡ ባለ ቀለም ፎቶዎች አሉት፤ ከትንሿ ፋይል ጋር ግዙፉን ስካን ማውረድ ይቻላል። ሁልጊዜ ትልቁን ፋይል ውሰዱ። የኢምፔሪያል ዋር ሙዚየምና የአውስትራሊያ ዋር ሜሞሪያልም ስብስባቸው በኢንተርኔት ይፈለጋል።

ስትፈልጉ በአውሮፕላኑ ስም ብቻ አትፈልጉ። በጣቢያው ስም፣ በክፍሉ ቁጥር፣ በአብራሪው ስም ሞክሩ። በአገሩ ቋንቋም ሞክሩ። የፎቶ መግለጫዎች ይሳሳታሉ፤ አንዳንዱ የተጻፈው ከዓመታት በኋላ ነው። መግለጫው 1942 ቢልና ኮከቡ ነጭ አራት ማዕዘን ካለው፣ የምታምኑት ኮከቡን ነው።

ሁለቱንም ጎን ፈልጉ። ግራውን ገልብጦ ቀኝ ማድረግ ትልቅ ፈተና ነው፤ አታድርጉት። የአብራሪው ስም፣ የድል ምልክቶች፣ አፍንጫ ላይ ያለ ሥዕል ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። ወይም በሌላኛው ጎን ሌላ ስም አለ፤ የሜካኒኩ ስም ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በኮምፒዩተር ቀለም የተቀቡ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሁን ሁሉም ቦታ ሞልተዋል። ያምራሉ። ለእኛ ሥራ ግን ዋጋ የላቸውም። ፕሮግራሙ ቀለሙን አላየውም፤ ደስ ያለውን ነው የቀባው። ፎቶው ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ወደ ጎን አድርጉት።

4. ጥቁርና ነጩን ፎቶ ማንበብ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ከሁሉም በላይ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

የዚያን ዘመን ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁለት ዓይነት ነበር። ፓንክሮማቲክ የሚባለው ሁሉንም ቀለም ያያል፤ ለዓይናችን ይቀርባል። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ቀይ አያይም። ቢጫም ይከብደዋል። ስለዚህ በእሱ የተነሣ ፎቶ ላይ ቀይ ጥቁር ይመስላል፤ ቢጫ ይጠቁራል፤ ሰማያዊ በተቃራኒው ይነጣል። የእንግሊዝን ክብ ምልክት አስቡት። ውጪው ቀለበት ደማቅ ቢጫ ነው። በኦርቶ ፊልም ግን ያ ቢጫ ከጀርባው አረንጓዴ ጋር ይመሳሰልና የሌለ ይመስላል። ብዙ ሰው «ይሄ አውሮፕላን ቢጫ ቀለበት አልነበረውም» ብሎ የሚደመድመው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የማደርገው እንዲህ ነው። ፎቶውን በሥዕል ፕሮግራም ከፍቼ ቀለማቸውን በእርግጠኝነት የማውቃቸውን ቦታዎች እፈልጋለሁ። ለእንግሊዝ አውሮፕላን የጅራቱ ባንዲራ ምርጥ ነው፤ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ብርሃኑም ለሦስቱም አንድ ነው። የቀለም መምረጫዋን ይዤ የእያንዳንዱን ግራጫ ቁጥር እጽፋለሁ። 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ። ለምሳሌ ቀዩ 35፣ ሰማያዊው 130፣ ነጩ 225 ቢሰጠኝ፣ ሰማያዊው ከቀዩ ይህን ያህል መንጣቱ ፊልሙ ኦርቶ መሆኑን ይነግረኛል። ሰማያዊውና ቀዩ ተቀራርበው ጠቆር ካሉ ወደ ፓንክሮማቲክ አዘነብላለሁ።

ከዚያ ወደማላውቀው እሄዳለሁ። የፕሮፔለሩ ሾጣጣ ቆብ 60 ሰጠኝ እንበል። በኦርቶ ፊልም 60 ቢጫ ሊሆን ይችላል። ጠቆር ያለ አረንጓዴም ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ግን ሊሆን አይችልም፤ ሰማያዊው 130 ነዋ። በዚህ መንገድ አንዱን በትክክል ባላገኘው እንኳ የማይሆኑትን እጥላለሁ። የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት አማራጮች ይዤ ወደ ደንቡና ወደ ሌሎች ፎቶዎች እመለሳለሁ።

ልኬቱን የምትወስዱት ብርሃኑ ተመሳሳይ ከሆነበት ቦታ ነው። ጥላ ውስጥ ያለን ነጭ ፀሐይ ላይ ካለ ነጭ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ክብ የሆነ አካል ላይ ከላይ ያለው ሰማይን ያንጸባርቃል፤ ከታች ያለው መሬትን። እንዲሁም አንሺው ሌንሱ ላይ ቢጫ ማጣሪያ አድርጎ ከሆነ ሰማያዊ ሁሉ ይጠቁራል። ሰማዩ ራሱ በጣም ጠቁሮ ደመናው ቦግ ካለ ማጣሪያ ነበረ ማለት ነው፤ በማስታወሻችሁ ያዙት።

5. ባለ ቀለም ፎቶም ይዋሻል

ወደ 413410 እንመለስ። ይህ ሙስታንግ «ሉ ፎር» ይባላል። በእንግሊዝ አገር ቦቲሻም ከሚባል ጣቢያ ይነሣ የነበረው የአሜሪካ 361ኛ ተዋጊ ግሩፕ አዛዥ የኮሎኔል ቶማስ ክርስቺያን አውሮፕላን ነው። የአካሉ ፊደሎች ኢ2-ሲ ናቸው። በ1944 አጋማሽ ከሌሎች ሦስት ሙስታንጎች ጋር በአየር ላይ ሆኖ በቀለም ፊልም ተነሥቷል። አፍንጫው ቢጫ ነው። ይህ አያከራክርም። ጀርባው ላይ የተቀባው ጠቆር ያለ ቀለም ግን ሰማያዊ ነው ወይስ አረንጓዴ? ይህ ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። ሰማያዊ ነው የሚሉት ፎቶውን ያሳያሉ። አረንጓዴ ነው የሚሉትም ያንኑ ፎቶ ያሳያሉ።

አንድ ፎቶ ለምን ሁለት መልስ ይሰጣል? አንደኛ፣ ከፍታ ላይ ብርሃኑ ራሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ወደ ላይ የዞረ ገጽ ደግሞ ሰማይን እንደ መስታወት ይመልሳል። ሁለተኛ፣ የምናየው ዋናው ፊልም ላይሆን ይችላል። የተቀዳ፣ ከዚያ የታተመ፣ ከዚያ የተስካነ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ እርምጃ ቀለሙ ትንሽ ይዞራል። ሦስተኛ፣ ፊልሞች አብረው አያረጁም። ኮዳክሮም ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ቀለሙን በደንብ ይይዛል። የዘመኑ ሌላ ፊልም ግን ወደ ቀይ ወይም ወደ ቢጫ ሊያዘነብል ይችላል።

ስለዚህ ከፎቶው ላይ ቀለሙን በቀጥታ አትልቀሙ። መጀመሪያ ነጭና ጥቁር ፈልጉ። የ1944 አውሮፕላን ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ለኖርማንዲ ወረራ የተቀቡት መስመሮች አሉ። ነጩ መስመር በፎቶው ላይ ሰማያዊ ካዘለ፣ ፎቶው በሙሉ ሰማያዊ አዝሏል ማለት ነው። ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩም ጥቁር እስኪሆን ድረስ አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ አጠያያቂውን ቀለም ከኮከቡ ሰማያዊ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ኮከቡ የተቀባበት ሰማያዊ ምን እንደነበር ይታወቃል። ጀርባው ከእሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው ወይስ ወደ አረንጓዴ ያፈነግጣል? ይህን በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ ሳይሆን ባገኛችሁት ቅጂ ሁሉ ላይ ድገሙት። ቅጂዎቹ ካልተስማሙ እውነቱ እሱ ነው፤ አልተስማሙም። እኔ ለሉ ፎር ሁለት ስኪን ሠርቻለሁ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። የማዘነብለው ወደ አረንጓዴው ነው። ግን አንዱን ደብቄ ሌላውን «እውነተኛው ይህ ነው» ብዬ መልቀቅ አልፈለግኩም።

6. ከቀለም ስም ወደ ስክሪን ቁጥር

ስሙን አገኛችሁ እንበል። አሁን ወደ ቁጥር መቀየር አለበት።

ለአሜሪካ አውሮፕላኖች ከ1956 እስከ 2017 የነበረው መመዘኛ ፌዴራል ስታንዳርድ 595 ነው። ባጭሩ ኤፍኤስ ይሉታል። አምስት አሃዝ አለው፤ አነባበቡን ካወቃችሁ ብዙ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው አሃዝ ማብረቅረቁን ያሳያል፦ 1 አንጸባራቂ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ደብዛዛ። ሁለተኛው የቀለሙን ወገን ያሳያል፦ 0 ቡናማ፣ 1 ቀይ፣ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ቢጫ፣ 4 አረንጓዴ፣ 5 ሰማያዊ፣ 6 ግራጫ። የቀሩት ሦስቱ ቁጥራቸው ከፍ ባለ መጠን ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል። የቬትናም ጦርነት ካሞፍላጅን (መሸሸጊያ ቀለም) ውሰዱ። ጀርባው 30219 የአሸዋ ቡናማ፣ 34102 አረንጓዴ፣ 34079 ጥቁር አረንጓዴ፤ ሆዱ 36622 ፈዛዛ ግራጫ። ካርዱን ሳታዩ እንኳ ሁሉም ደብዛዛ መሆናቸውን፣ ሁለቱ አረንጓዴዎች የትኛው እንደሚጠቁር ቁጥሩ ነገራችሁ። የመጀመሪያዋ 3 ደግሞ ስኪኑ ላይ የማብረቅረቅ ደረጃውን ስትወስኑ ትጠቅማችኋለች።

ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በአየር ሚኒስቴራቸው ስም አርኤልኤም የሚባል የራሳቸው የቀለም ቁጥር አላቸው። በጦርነቱ አጋማሽ የነበሩት ተዋጊዎች 74፣ 75 እና 76 ናቸው፤ ሁለት ግራጫዎች በጀርባ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫ በሆድ። ሰሜን አፍሪካ የነበሩት 79 አሸዋ በጀርባ፣ 78 ሰማያዊ በሆድ። በመጨረሻው ዘመን የመጡት 81፣ 82 እና 83 ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ፋብሪካና ፋብሪካ የተለያየ ቃና ያወጣ ነበር። እዚያ «ትክክለኛው 81» ብሎ ሙግት መግጠም ጊዜ ማባከን ነው፤ የራሳችሁን አውሮፕላን ፎቶ ተከተሉ።

አርኤልኤምን ወደ ኤፍኤስ የሚቀይሩ ሠንጠረዦች ታገኛላችሁ። የሚሰጡት የቅርብ ዘመድ ነው እንጂ ቀለሙን ራሱን አይደለም። ለአርጂቢ (ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚቀላቅልባቸው) ቁጥሮችም ያው ነው። ሦስት ቦታ ብትፈልጉ ሦስት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዱ በመሣሪያ የለካው ነው፣ ሌላው ከስካን የለቀመው፣ ሌላው ደግሞ በዓይኑ የገመተው። በመሣሪያ የተለካውን ምረጡ።

በሲሙሌተሩ ውስጥ አንድ ነገር አትርሱ። ፀሐዩንና ጥላውን የሚጨምረው ጨዋታው ነው። ስለዚህ ቴክስቸሩ (አውሮፕላኑን የሚያለብሰው የሥዕል ፋይል) ላይ ጥላም ነጸብራቅም አትቀቡ። ጥቁሩን 0 አታድርጉት፤ ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ይሁን። ነጩም ከ240 አይለፍ። እውነተኛ ቀለም ብርሃንን በሙሉ አይውጥም፣ በሙሉም አይመልስም። ስክሪናችሁን ካሊብሬት ሳታደርጉ ቀለም መወሰን ደግሞ ሚዛኑ ባልተስተካከለበት መመዘን ነው።

ሲያልቅ አውሮፕላኑን በሲሙሌተሩ ውስጥ ልክ እንደ ፎቶው አቁሙት፤ ያው ሰዓት፣ ያው የፀሐይ አቅጣጫ፣ ያው የካሜራ ቦታ። ስክሪንሹት አንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ከድሮው ፎቶ ጎን አስቀምጡት። ፎቶው በፓንክሮማቲክ ፊልም የተነሣ ከሆነ ይህ ፈተና በጣም ሐቀኛ ነው። ሁለቱ የካሞፍላጅ ቀለሞች በፎቶው ላይ እምብዛም ሳይለያዩ በእናንተ ላይ ጎልተው ከተለያዩ፣ የሆነ ቦታ ስታችኋል።

7. ፊደሉንና ምልክቱን ለኩ

በዓይን አትገምቱ። አንድ የታወቀ ልክ ፎቶው ውስጥ ፈልጉና በእሱ አስሉ። የወረራ መስመሮች በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ እያንዳንዳቸው 18 ኢንች እንዲሆኑ ነበር የታዘዘው፤ በባለ ሁለት ሞተር 24። የእንግሊዝ ተዋጊዎች ጅራት አጠገብ ያለው የስካይ ቀበቶም 18 ኢንች ነው። እንበልና ከጎን በተነሣ ፎቶ ላይ ቀበቶው 60 ፒክሰል፣ ፊደሉ 80 ፒክሰል ሆነ። 80 በ60 ተካፍሎ በ18 ሲባዛ 24 ይመጣል። ፊደሉ 24 ኢንች ነው። ፎቶው አዝምሞ የተነሣ ከሆነ ልኩ የሚያገለግለው እዚያው አጠገቡ ላሉ ነገሮች ብቻ ነው።

የወረራ መስመሮቹ ራሳቸው ግን በብዙ ቦታ በብሩሽ፣ በጥድፊያ የተቀቡ ናቸው። ሥራው የተሠራው ከጁን 6 በፊት በነበሩት አንድ ሁለት ቀኖች ነው። ጠርዛቸው ወላወል ይላል፤ ስፋታቸውም ይለያያል። በማስመሪያ የተሰመረ አታድርጓቸው። ቀኑንም ተመልከቱ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጀርባው ላይ እንዲነሡ ታዝዞ ብዙዎች ላይ የቀሩት በሆድ በኩል ብቻ ነው።

8. ከቀለሙ ሥር ምን አለ?

ያረጀ መልክ ከመስጠታችሁ በፊት አውሮፕላኑ ከምን እንደተሠራ እወቁ። የሶቪየት ያክ ተዋጊዎች ክንፍ በእንጨት የተለበጠ ነው። ላቮችኪን ላ-5ም እንጨት ነው። የእንግሊዙ ሞስኪቶም እንዲሁ። እነዚህ ላይ ቀለም ሲላጥ ከሥሩ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም አይወጣም። ሃሪኬን የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ የኋላ አካል ደግሞ ጨርቅ ነው። ግን ስንቱ ያክ ስኪን ነው ክንፉ በብር ጭረት የተሞላው! ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ያን ያህል ተለፍቶበት።

የፒ-51 ሙስታንግ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ያልተቀባ አሉሚኒየም ነው ብለን አካሉንም ክንፉንም በአንድ የብረት ነጸብራቅ እንሠራዋለን። ክንፉ ግን አየሩ ሳይረበሽ እንዲፈስበት ስፌቱና ሪቬቱ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተልጎ፣ በብርማ ቀለም ይቀባ ነበር። ስለዚህ አካሉ ብረት ነው፣ ክንፉ ብርማ ቀለም ነው። በጥሩ የጎን ፎቶ ላይ ልዩነቱ ይታያል፦ አካሉ ላይ እያንዳንዱ ቆርቆሮ የተለያየ ነጸብራቅ አለው፣ ክንፉ ግን ወጥ ነው። ሜታሊክ በሚባለው ቴክስቸር ላይ አካሉን ከፍ፣ ክንፉን ዝቅ አድርጉ። ሪቬቶቹንም ከክንፉ የፊት ክፍል አጥፉ። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ አውሮፕላኑ ፀሐይ ላይ ሲዞር ማየት ደስ ይላል።

እውነተኛ እርጅና ምን እንደሚመስል ለማየት በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚገኘውን «ፍላክ-ቤይት» የተባለ ቢ-26 ማራውደር ቦምብ ጣይ ፎቶዎች እዩ። ከ200 በላይ ተልእኮ በርሯል፤ የጦርነት ጊዜ ቀለሙ ዛሬም አለ። ቀለሙ የትና እንዴት እንደሚደበዝዝ፣ ጥገና የተደረገበት ቦታ ከዙሪያው እንዴት እንደሚለይ በቅርብ ታያላችሁ። ግን የራሳችሁን አውሮፕላን ዕድሜም አስቡ። ከደረሰ ሦስት ሳምንት የሆነው ተዋጊ እንደ ፍላክ-ቤይት አያረጅም። የጭስ መውጫው ጥላሸት በፍጥነት ይመጣል፤ የቀለም መደብዘዝ ጊዜ ይፈልጋል።

9. ያወቃችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ

በሥዕል ፕሮግራሙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሌየር ስም ስሰጥ አንድ ፊደል እጨምራለሁ። «ሀ» ማለት በፎቶ አይቼዋለሁ። «ለ» ማለት ፎቶ የለኝም፣ ግን የዘመኑ ደንብ ወይም የክፍሉ ልማድ ይህን ይላል። «ሐ» ማለት ግምቴ ነው። ለምሳሌ «የግራ ጎን ፊደሎች ሀ»፣ «የክንፍ ሆድ ኮከብ ለ»፣ «የጎማ ማእከል ቀለም ሐ»። ስኪኑን ስለቅ ከፋይሉ ጋር አጭር የጽሑፍ ፋይል አስገባለሁ፤ መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ጣቢያው፣ የትኛው ክፍል ሀ፣ የትኛው ሐ እንደሆነ። ፎቶው የየትኛው ማኅደር እንደሆነና የማኅደሩን ቁጥርም እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ከእኔ የተሻለ ፎቶ ቢያገኝ ምኑን ማረም እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

የጀርመን አውሮፕላን ከሆነ ስዋስቲካውን በተለየ ሌየር አድርጉት። በጀርመን ሕግ ምልክቱን ማሠራጨት በአብዛኛው የተከለከለ ስለሆነ ብዙ ሲሙሌተሮች አይቀበሉትም። ያለ እሱ የሚለቀቅ ቅጂ አዘጋጁ።

የእኔ ሉ ፎር አሁን ሦስተኛ እትም ላይ ነው። በመጀመሪያው እትም የወረራ መስመሮቹን አካሉን ዙሪያውን አዙሬ ነበር፤ በሁለተኛው ወደ ሆዱ አወረድኳቸው። በሦስተኛው ክንፉን ከብረት ወደ ብርማ ቀለም ቀየርኩ። የጀርባው ቀለም ሌየር ስም አሁንም «ሐ» ነው።